ድንጋዩን ከመንካትዎ በፊት ባለይዞታውን ይወቁ

ወንድሜ፣ በኦዋሁ ደሴት ከሰፈርዎ ሰዎች ጋር የፈራረሰውን ጥንታዊ የሃዋይ የዓሣ ኩሬ ለማደስ ከየት መጀመር እንዳለባችሁ ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ደሴት የአንድ ኩሬ ካብ ከሚጠግኑ በጎ ፈቃደኞች ጋር ለዓመታት ስለሠራሁ፣ የእናንተ ጉዳይ ከእኛው የሚለይ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ ኩሬው የማን እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ። ብዙዎቹ ጥንታዊ ኩሬዎች የባሕር ውኃ ቢገባባቸውም በግል ይዞታ የተያዙ ናቸው። በዚሁ ደሴት ያለው የኩአፓ ኩሬ ተቆፍሮ የጀልባ ማቆሚያ ከሆነ በኋላ የተነሣው ክርክር እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 መንግሥት ካሳ ሳይከፍል ለሕዝብ ሊያስከፍተው እንደማይችል ተወስኗል።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ። እኛን ያንገበገበን ይህ ነው። አንዱ ቢሮ «ይህ ውኃ ነው» ብሎ ሲመልሰን ሌላው «ይህ መሬት ነው» ይለን ነበር። አንዲት ሠራተኛ ፋይላችንን ሳትገልጥ በመስኮቱ መልሳ ገፋችልንና፣ አያታቸው በዚያው ኩሬ ዓሣ ያረቡ የነበሩትን አብረውን የመጡ አዛውንት «እርስዎ ባለይዞታ ነዎት? ምን አገባዎት?» አለቻቸው። እርሳቸው ዝም አሉ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም። ጥያቄዋ በሕግ ተገቢ ቢሆንም፣ የባለይዞታው ፊርማ እዚያው በፋይሉ ውስጥ ነበር፤ ገልጣ ብታይ ኖሮ! እናንተ ግን ዕድለኞች ናችሁ፤ የሃዋይ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 ለእንዲህ ያለ እድሳት ሆአላ ሎኮ ኢያ የተባለ የተጠቃለለ ፈቃድ ስላዘጋጀ፣ በየመስኮቱ ከመንከራተት በእርሱ ጀምሩ።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ እዚሁ ደሴት ላይ ወዳለችው ካኔኦሄ ከተማ ወርዳችሁ የሄኢያን ኩሬ እዩ። 88 ኤከር ስፋት ያለውን ይህን ኩሬ የሚከበው ካብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1965 ጎርፍ የሸነቆረውን ክፍተት፣ ከ2001 ጀምሮ ኩሬውን የሚንከባከበው የአካባቢው ማኅበር ከበርካታ በጎ ፈቃደኞች ጋር በ2015 ዘግቶታል። የውጩና የውስጡ ፊት ጥቁር ድንጋይ፣ መካከሉ በአብዛኛው ኮራል (የባሕር እንስሳት የሠሩት ድንጋይ) ሲሆን፣ ድንጋዩን የሚያያይዝ ጭቃም ሲሚንቶም የለበትም። እኔ ካብ መካብ ከልጅነቴ ከአባቴ እርሻ የተማርሁት ሙያ ነውና፣ ትልቁን ድንጋይ አስቀምጬ የቀረውን ቀዳዳ በጠጠር ስወትፍ ያዩ የአገሩ ሰዎች «ማን አስተማረህ?» ብለውኛል፤ ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም።

በካቡ ላይ የሚበቅለውን ማንግሮቭ የተባለ የባሕር ዳርቻ ዛፍ ግን በጉልበት አትንቀሉት፤ ሥሩ በድንጋዮቹ መካከል ስለሚሰገሰግ ካቡን ይዞት ይወርዳል። መጋዝ ይዛችሁ ሂዱ። የሰው አጥንት ካገኛችሁ ደግሞ ሕጉ ስለሚያዝ ሥራውን ወዲያው አቁማችሁ አስታውቁ። ጫማችሁም በማሰሪያ የሚጠብቅ ይሁን፤ ነጠላ ጫማ ከሆነ ጭቃው ያስቀረዋል።