ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት

ነርስ ወይም አስተማሪ ልትሆኑ ለምትማሩ ልጆቼ፤

አሜሪካ ውስጥ በሕፃናት ክሊኒክ ነርስ ሆኜ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ፒኬዩ ስላለባቸው ልጆች ነው። ሙሉ ስሙ ፌኒልኬቶኑሪያ ነው፤ ከእናትም ከአባትም በዘር ይወረሳል። እነዚህ ልጆች ጉበታቸው ፕሮቲን ውስጥ ያለውን ፌኒልአላኒን የሚባል ንጥረ ነገር በደንብ መለወጥ አይችልም። ደም ውስጥ ይጠራቀምና አንጎልን ይጎዳል። ሕመሙን በ1934 ያገኘው ኖርዌያዊው ሐኪም አስቢዮርን ፎሊንግ ነው። እዚህ አገር አሁን ሕፃን ሲወለድ ከተረከዙ ጠብታ ደም ተወስዶ ይመረመራል። ፕሮቲን የበዛበት ምግብ ከተከለከለለት ያድጋል፣ ይማራል።

ሥራው እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

አንድ የ9 ዓመት ልጅ ትዝ ይለኛል። እርሳሱን ይዞ አንድ መስመር ይጽፋል፣ ከዚያ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ይቀራል። እግሩ አያርፍም። እናቱ ከአስተማሪው የተላከ ወረቀት አሳየችኝ፤ «አይሰማም» ይላል። እኔም «ጠበቅ አድርጊው» አልኳት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የደም ውጤቱ ሲመጣ፣ በሊትር ከ360 ማይክሮሞል መብለጥ ያልነበረበት ፌኒልአላኒን ከ900 አልፏል። ለካ ምሳ ሰዓት ከጓደኞቹ ፕሮቲን የበዛበትን አይብ ይበላ ነበር። ምን ያድርግ? ድንቹ እንኳ በግራም ተመዝኖ ነው የሚሰጠው፤ የሚጠጣው ልዩ ወተት ደግሞ ሽታው ይከብዳል። ምግቡ ተስተካክሎ ከሳምንታት በኋላ ሲመጣ ገጹን ጨረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ለማለት የሚረዳን ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል የሚሠራው ታይሮሲን ከሚባል ሌላ የፕሮቲን ንጥረ ነገር ነው። ፌኒልአላኒን ሲበዛ ወደ አንጎል የሚያስገባውን በር ያጣብበዋል፤ ታይሮሲን ውጭ ወረፋ ይዞ ይቀራል።

ሁሉም ግን በምግብ ብቻ አይስተካከልም። ደማቸው ደህና ሆኖም ሐሳባቸው የሚበተን አሉ፤ ለእነሱ የትኩረት መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ያስፈልጋል። እናትየዋን አትውቀሱ። በተለይ ዝም ብለው የሚፈዙትን እዩልኝ፤ ክፍል ስለማይረብሹ ማንም አያያቸውም።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥማችሁ እናቱን ሁለት ነገር ጠይቁልኝ፤ ደሙ መጨረሻ የታየው መቼ ነው? ምሳውንስ ከማን ጋር ነው የሚበላው?