«አፐርቸሩን ጨምሪው» ሲባል የሚጨመረው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ ፎቶግራፍ ማንሣት መማር ከጀመርሁ ሁለት ወሬ ነው። መምህሬ «ጨልሟል፤ አፐርቸሩን ጨምሪው» ቢሉኝ ቁጥሩን ከ4 ወደ 8 አሳደግሁት፤ ፎቶው ግን ጭራሽ ጠቆረ። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የአነጋገሩ? «ኤክስፖዠር» (ፎቶው የሚያገኘው የብርሃን መጠን) የሚለውንስ «መጋለጥ» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ ጥፋቱ የአነጋገሩ ነው፤ እርስዎ የታዘዙትን ፈጽመዋል። መምህርዎ በልባቸው የያዙት አፐርቸር የሚባለውን፣ ብርሃን በሌንሱ ውስጥ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ስፋት ሲሆን እርስዎ ያዩት በካሜራው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው፤ ሁለቱ ደግሞ በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ፣ ቁጥሩ አካፋይ ነውና፦ በሌንሱ ላይ በሚሊሜትር የሚጻፈው የትኩረት ርቀት ለቁጥሩ ሲካፈል የቀዳዳውን አግድመት ይሰጣል። የትኩረት ርቀቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ 4 ላይ ሲሆን የቀዳዳው አግድመት 12.5 ሚሊሜትር፣ 8 ላይ ሲሆን 6.25 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አግድመቱ ግማሽ ሲሆን ስፋቱ ሩብ ይሆናል፤ ስለዚህ ብርሃን ጨመርሁ ብለው ከነበረው ከአራት ሦስት እጁን ቀነሱ።

መፍትሔው ግን «አፐርቸር» የሚለውን ቃል ማባረር አይመስለኝም። ስሙ ከውጭ መምጣቱ ማንንም አላሳሳተም፤ ያሳሳተው የራሳችን ግስ ነው። ቀዳዳ ይሰፋል፣ ይጠብባል፤ የዓይን ብሌንም በጨለማ የሚሰፋው፣ በፀሐይ የሚጠብበው እንዲሁ ነው። «አፐርቸሩን አስፊው» ተብለው ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ወዴት እንደሚሄድ ባያውቁ እንኳ የተፈለገው ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ሸተር (ብርሃኑን ለአፍታ አስገብቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ደግሞ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። «ጨምር» እና «ቀንስ» የሚሉትን ካሜራው ለብርሃን ምን ያህል ንቁ እንደሆነ ለሚነግረው ቁጥር፣ ለአይኤስኦ፣ ብቻ ብንተዋቸው ደስ ይለኛል፤ እዚያ ቁጥሩ ሲያድግ ፎቶው አብሮ ይፈካልና። (አይኤስኦን ተርጉሙልን የሚሉም አሉ፤ የዓለም አቀፍ ደረጃ አውጪ ድርጅት መጠሪያ ስለሆነ የሚተረጎም ነገር የለውም።)

ሸተርን ካነሣን አይቀር፣ ካሜራው «125» ብሎ የሚያሳየው የክፍልፋዩን ታሕት ብቻ ነው፤ ላዕሉን 1 እንድናውቅለት ይተወዋል። «መቶ ሃያ አምስተኛ» ብሎ ማንበቡም ለጀማሪ ያምታታል፣ በሰልፍ ላይ ያለ ሰው ተራም እንዲሁ ይነበባልና። ግማሽ፣ ሲሶና ሩብ የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ከዚያ በታች ላለው አማርኛ «እጅ» የሚል መልካም ቃል ስላለው፣ ቢረዝምም «ከሰከንዱ 125 እጅ አንዱ» ማለት ከስሕተት ያድናል።

ወደ «መጋለጥ» ስንመጣ፣ ቃሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱን ይመርጣል። ለብርሃን የሚጋለጠው ፊልሙ ወይም በዲጂታል ካሜራ ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ሴንሰር ስለሆነ «ሴንሰሩ ለብርሃን የተጋለጠበት ጊዜ» ቢሉ ማንም አይነቅፍዎትም። «ፎቶው በጣም ተጋልጧል» ያሉ እንደሆነ ግን ሰሚው ተደብቆ የነበረ ፎቶ አደባባይ የወጣ ይመስለዋል። ለዚህ የሚሆነውን አነጋገር ወጥ ቤት ውስጥ ያገኙታል፦ ወጡን ቀምሰን «ጨው በዝቶበታል» ወይም «ጨው አንሶታል» እንላለን። ፎቶውንም አይተን «ብርሃን በዝቶበታል»፣ «ብርሃን አንሶታል» ብንል ምንም ትርጉም ሳያስፈልገው ይገባል፤ «በዝቶበታል» ውስጥ ያለችው «በት» ትርፉ ጉዳት መሆኑን ሳይቀር ትናገራለች። ስም ካስፈለገ «የብርሃን ልክ» ይበቃል። ባለሙያዎች የሚሉትን «ተቃጥሏል» ግን ብርሃን ለበዛበት ሁሉ አላውለውም፤ ነጭ ቀሚስ ጥልፉ እስኪጠፋ ድረስ አንድ ወጥ ነጭ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ተቃጥሏል ማለት ያምርበታል።

በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ለፊደሉ ይጠንቀቁ። «ብርሃን ያነሰው ፎቶ» ጨለም ያለ ፎቶ ነው፤ «ብርሃን ያነሣው ፎቶ» ግን ብርሃን የሚባል ሰው ያነሣው ነው፣ እሱም ጨለም ያለ ሊሆን ይችላል።