ጭንቀቱን ቢናገር ፈቃዱን ያጣል?

ጥያቄ፦ አብራሪው ባለቤቴ ሌሊቱን በርሮ ለገጣፎ ወዳለው ቤታችን ሲመለስ፣ መጋረጃ ዘግቶ ቢተኛም እንቅልፍ አይወስደውም፤ በልጆቹም ላይ በትንሽ በትልቁ ይቆጣል። የበረራ ፈቃዴን እነጠቃለሁ ብሎ ሐኪም ዘንድ አይሄድም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ብዙ አብራሪዎች የሚጋሩት ይህ ፍርሃት መሠረት አለው፤ ሆኖም መደበቁ ከመታከሙ ይበልጥ ያሰጋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሕመሙን ከአሠሪው የሰወረ ረዳት አብራሪ ጀርመንዊንግስ የተባለውን የጀርመን አየር መንገድ አውሮፕላን ሆን ብሎ ከስክሶ የተሳፈሩት 150 ሰዎች በሙሉ ካለቁ በኋላ፣ የአውሮፓ አየር መንገዶች አብራሪዎች ችግራቸውን ለባልደረባ በምስጢር የሚያዋዩበት የድጋፍ ሥርዓት እንዲኖራቸው በሕግ ተገድደዋል። የአሜሪካው የአቪዬሽን ባለሥልጣንም ከ2010 ጀምሮ አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችን የሚወስዱ አብራሪዎች በሐኪም ክትትል እንዲበሩ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለሚያምነው ባልደረባና ለአቪዬሽን ሐኪም እንዲናገር እርስዎ ይደግፉት። ከሁሉ በላይ ግን የእንቅልፍ ክኒን በራሱ ገዝቶ እንዳይወስድ አደራ እላለሁ።