ፍሪ ኢነርጂ ለምትፈልጉ ልጆቼ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የገፋሁት እዚሁ ጎንደር ሞተር ስጠቀልልና ጀነሬተር ስጠግን ነው። አሁንም ስልኩን ይዞ የሚመጣ ወጣት አይጠፋም። ፍሪ ኢነርጂ፣ ማለትም ያለ ነዳጅ የሚገኝ ኃይል ነው የሚባለው ቪዲዮ ላይ ሞተር ዲናሞ (ሲዞር ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ዕቃ) ያዞራል፤ ዲናሞው መልሶ ሞተሩን ያሠራል፤ አምፖሉም ይበራል። «ጋሼ፣ ይሄን እኛ መሥራት አንችልም?» ይለኛል። ጥያቄውን እወደዋለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው የሚቆምበት ልጅ ይህን ቢመኝ ምን ይገርማል?

ግን አይሠራም። ሞተሩ 100 ዋት ወስዶ 80 ቢሰጥ፣ ዲናሞው ደግሞ ከዚያ 80 በመቶውን ቢመልስ፣ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 64 ነው። ሌላው በሙቀትና በሰበቃ አልቋል። ሞተሩ ግን አሁንም 100 ይፈልጋል። አምፖሉ ከበራ የተደበቀ ባትሪ ወይም ሽቦ ፈልጉ።

እኔን ብቻ አትመኑ። የብስክሌት ዲናሞ በእጃችሁ አዙሩ። ከዚያ አምፖል አገናኙበትና ድገሙት። ወዲያው ይከብዳል። ሽቦውን ስትፈቱት ይቀላል። በዲናሞው የሽቦ ጥቅልል (ኮይል) ውስጥ የሚያልፈው ከረንት የራሱን ማግኔት ይፈጥራል፤ እሱም የምታዞሩበትን እጅ ይይዘዋል። አምፖሉን የሚያበራው የእናንተው ጉልበት ነው።

ስታንሊ ሜየር የሚባል አሜሪካዊ መኪናዬ በውሃ ትሄዳለች ብሎ ነበር። ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ከሰሱት። እ.ኤ.አ. በ1996 የኦሃዮ ፍርድ ቤት ዓይን ያወጣ ማጭበርበር ነው ብሎ ገንዘባቸውን እንዲመልስ ፈረደ። በ1998 ሲሞት «አስገደሉት» ተባለ፤ የአስከሬን ምርመራው ግን የአንጎል ደም ሥር መፈንዳት ነው አለ። ዛሬም ስሙ እንደ ሰማዕት ይነሳል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ውሃ ማለት ተቃጥሎ ያለቀ ሃይድሮጂን ነው፣ እንደ አመድ። መልሶ ለመለያየት ቢያንስ ሲቃጠል የሰጠውን ያህል ኃይል መክፈል አለባችሁ።

ከእሱ በፊት ጆን ኪሊ የሚባል ሌላ አሜሪካዊ አዲስ ኃይል አገኘሁ እያለ በፊላደልፊያ ከ20 ዓመት በላይ የባለአክሲዮኖችን ገንዘብ በላ። በ1898 ሲሞት ቤተ ሙከራው ወለል ስር ትልቅ የብረት ሉልና ቱቦዎች ተገኙ። የታመቀ አየር ነበር የሚጠቀመው ተብሎ ተጠረጠረ። እሱም ቢሆን ምስጢሬን አልናገርም ይል ነበር። ሣጥኑን የማያስከፍት ሰው ሲገጥማችሁ ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩት።

የሚያንገበግበኝ ብሩ ብቻ አይደለም። በዚህ ሕልም የሚጠፉት እጀ ወርቅ የሆኑት ልጆች ናቸው። ኃይል ከባዶ አይመጣም። የጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ እንኳ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው በጣና ውሃ ነው፤ ያን ውሃ ከባሕር አንስቶ ደጋው ላይ ያዘነበው ፀሐይ ነው። ፀሐይዋ እኛም ጣሪያ ላይ አለች። የተቃጠለ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚቀይረውን) መጠገን፣ የደከመ ባትሪ መለየት፣ የፀሐይ ፓኔል በትክክል ማጋደል ተማሩ። የራሱን ማሽን የሠራ ልጅ ካለም ይዞልኝ ይምጣ። የሚገባውንና የሚወጣውን ዋት አብረን እንለካለን።