ጨረቃንና ሐይቁን በአንድ ፊልም ላይ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ በፊልም ካሜራ ፎቶ ሳነሳ ጨረቃ ትንሽ ነጭ ነጥብ ሆና ትቀራለች። ጎልታ ከሐይቁ ጋር እንድትታይ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጨረቃ በፀሐይ የደመቀች አካል ስለሆነች፣ ለጨለማው ሐይቅ በተመጠነ ብርሃን ስትነሳ መልኳ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ በአንዱ ምስል ላይ ያንሷቸው። በመጀመሪያ ሙሉ ጨረቃን በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ የፊልሙ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 100 ከሆነ በኤፍ 11 የሌንስ ቀዳዳ እና በ1/125 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ያንሱና ያረፈችበትን ቦታ በወረቀት ላይ ይሳሉ። ከዚያም ካሜራዎ ፊልሙን ሳያንቀሳቅስ መዝጊያውን ዳግም የሚወጥር ቁልፍ ካለው፣ ሐይቁን በሰፊ ሌንስ በዚያው ምስል ላይ ደርበው ያንሱ። ቁልፉ በሌላቸው ብዙ ካሜራዎች፣ ከሥር ያለውን የፊልም መመለሻ ቁልፍ ተጭኖና የመጠቅለያውን እጀታ አጥብቆ ይዞ የፊልም ማሳለፊያውን ማንሻ መሳብ ይቻላል፤ ምስሉ ግን በጥቂቱ ሊዛነፍ ይችላል።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብዎት፣ በሁለተኛው ምስል ላይ ጨረቃ የምታርፍበት ሰማይ ጨለማ መሆኑን ነው፤ በፊልም ላይ ብርሃን በብርሃን ላይ ስለሚደመር፣ ገና ያልጠቆረ የምሽት ሰማይ ጨረቃዋን ያደበዝዛታል። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ፣ ሙሉ ጨረቃ ከከተማው ዳርቻ በሐይቁ ላይ ዝቅ ብላ የምትታየው ሊነጋ ሲል ነው፤ ለተፈጥሮ የቀረበ ምስል ከፈለጉ ያንን ሰዓት እንዲመርጡ እመክራለሁ።