ክላሪኔት የምትጫወት የ11ኛ ክፍል ተማሪ "የባንድ ዳይሬክተር መሆን እፈልጋለሁ" ብላ ጠይቃኛለች፣ መልሴ ይኸው

የኔ ልጅ ሰላም ነሽ? መልእክትሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሌሎችም ስለሚያነቡት ያልሽውን በአጭሩ ላስቀምጥ፦ ቨርጂኒያ ነሽ፣ ክላሪኔት ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ትጫወቻለሽ፣ ዘንድሮ ሴክሽን ሊደር (የክላሪኔቶቹ አለቃ) ሆነሻል፣ የሃይስኩላችሁን የባንድ ዳይሬክተር ስራ መስራት ትፈልጊያለሽ ግን እሱ ምን ተምሮ እንዴት እዛ እንደደረሰ አታውቂም። አባትሽ ስትነግሪያቸው "አሜሪካ ያመጣሁሽ ጥሩምባ እንድትነፊ ነው?" አሉሽ፣ እናትሽ ደግሞ ነርሲንግ ግቢ ይሉሻል።

ከአባትሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሳቸው ሳይገባቸው አንቺ ኦዲሽን (ተጫውተሽ የምትፈተኚበት መግቢያ) ብትሄጂም ልብሽ ቤት ነው የሚቀረው። አልፈርድባቸውም። እኛ ጋ ሙዚቀኛ ሲባል የሚታየን ሰርግና የሌሊት ክለብ ነው እንጂ የካውንቲ ደሞዝ፣ ኢንሹራንስና ጡረታ ያለው መምህር አይደለም። እዚህ አገር ግን የሃይስኩል ባንድ ዳይሬክተር ማለት በቃ መምህር ነው፣ እንደ ሒሳብና ባዮሎጂ አስተማሪው ላይሰንስ አውጥቶ በዛው የደሞዝ ስኬል የሚከፈለው፣ ይሄን በደንብ አስረጃቸው። አንድ ነገር ደግሞ አስታውሻቸው፣ የክብር ዘበኛን ኦርኬስትራ መቼም ሳያውቁት አይቀሩም፣ ጥላሁንም ማህሙድም ያለፉበት ነው። ያ የባንድ ነገር ከየት መጣ ካልሽ በ1924 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው ወላጆቻቸውን በአርመኖች ላይ በደረሰው ጭፍጨፋ ያጡ የአርመን ልጆች ባንድ ሲጫወት ሰሙና ልጆቹን አዲስ አበባ አስመጧቸው፣ አርባ ልጆች የምንላቸው እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ የመራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን ነው፣ የንጉሱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማም የእሱ ነው። እና ይሄ ሰው ምን ነበር የሚሰራው? ወጣቶች ሰብስቦ መሳሪያ አስይዞ አንድ ላይ በትክክል እንዲነፉ ማድረግ። አንቺ መሆን የምትፈልጊው ይሄንኑ ነው፣ ጥሩምባ መንፋት ብቻ አይደለም።

እሺ፣ "ምን ተምረው ነው እዛ የሚደርሱት" ላልሽው፣ ድሮ አንድ መንገድ አልነበረም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከወታደር ባንድ የወጡ ብዙ ሰዎች ትምህርት ቤት ገቡ፣ በ1923 ቺካጎ ላይ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የትምህርት ቤት ባንድ ውድድር ሲደረግም ከጀርባ የነበሩት መሳሪያ የሚሸጡት ፋብሪካዎች ናቸው። እኔ በጣም የምወዳቸው ግን በዘር ክፍፍሉ ጊዜ በጥቁሮች ትምህርት ቤት ያስተማሩት ናቸው። አላባማ በርሚንግሃም ውስጥ ጆን ዋትሊ የሚባል ሰው ነበር፣ "ፌስ" ይሉታል፣ የተቀጠረበት ስራ የህትመት ሙያ ማስተማር ነው፣ ባንዱን ግን እሱ ነው የገነባው፣ የጃዝ ሰዎቹ እነ ኧርስኪን ሃውኪንስና ሰን ራ ከዛ ትምህርት ቤት ነው የወጡት። ሜምፊስ ላይ ጂሚ ላንስፎርድ ከፊስክ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ማናሰስ ሃይስኩል ሲያስተምር በ1927 ከተማሪዎቹ ጋር ባንድ አቋቋመ፣ ያ ባንድ አድጎ ኒው ዮርክ ታዋቂው ኮተን ክለብ ድረስ ደረሰ። ቺካጎ ደግሞ ካፕቴን ዋልተር ዳየት አለ፣ ቫዮሊን ተጫዋች ነው፣ ካፕቴን የሚለው ማዕረግ ከወታደር ባንድ የመጣ ነው፣ ዱሳብል ሃይስኩል ላይ ከ1935 ጀምሮ ሲያስተምር እነ ዳይና ዋሽንግተንን፣ ጂን አሞንስን፣ ጆኒ ግሪፈንን አፍርቷል። በጣም ጥብቅ ሰው ነበር ይባላል። አየሽ፣ አንዱ አታሚ፣ አንዱ ኮሌጅ የጨረሰ፣ አንዱ ወታደር ቤት ያለፈ፣ የሚያመሳስላቸው ልጆችን ክፍል ውስጥ ቁጭ አድርገው በየቀኑ ማሰልጠናቸው ነው።

ዛሬ ግን መንገዱ ጠቧል፣ አንድ ዋና በር ነው ያለው፣ ሚውዚክ ኤጁኬሽን የሚባለው ዲግሪ። የዛሬዎቹ ዳይሬክተሮች ታሪካቸው አብዛኛውን ጊዜ ያንቺው ነው፣ አምስተኛ ወይ ስድስተኛ ክፍል መሳሪያ ያዙ፣ ሃይስኩል ባንዱ ቤታቸው ሆነ፣ ሴክሽን ሊደር ወይ ድራም ሜጀር (ሜዳ ላይ ባንዱን የሚመራ ተማሪ) ሆኑ፣ አንድ አስተማሪ "አንተ ይሄን መስራት ትችላለህ" አላቸው። ስለዚህ ከየት እንደመጡ አላውቅም አትበይ፣ አንቺ ከተቀመጥሽበት ወንበር ነው የመጡት።

ዲግሪው በወረቀት 4 ዓመት ነው ግን ከባድ 4 ዓመት ነው፣ ብዙ ልጆች አራት ተኩል ይፈጅባቸዋል፣ ይሄን ለቤተሰብ ቀድመሽ ንገሪ። በክላሪኔት ኦዲሽን አድርገሽ ትገቢያለሽ፣ ከገባሽ በኋላ ግን ክላሪኔት ብቻ አይደለም፣ ፍሉት፣ ትሮምፔት፣ ትሮምቦን፣ ሆርን፣ ፐርከሽን፣ ብዙ ቦታ ቫዮሊንና ቼሎም ሳይቀር ጀማሪ ሆነሽ ትማሪያለሽ፣ ፒያኖ መፈተን አለ፣ ቲዎሪ፣ በጆሮ ሰምቶ መጻፍ፣ ኮንዳክቲንግ (ባንድ መምራት)፣ ከዛ ላይ የመምህርነት ኮርሶቹ። ባንድ ልምምዱ ራሱ አንድ ክሬዲት ብቻ ተሰጥቶት በሳምንት ብዙ ሰዓት ይወስዳል፣ ስለዚህ ጓደኞችሽ 15 ክሬዲት ይዘው ሲዝናኑ አንቺ 15 ክሬዲት ይዘሽ ከጠዋት እስከ ማታ ህንጻ ውስጥ ነሽ።

ይሄ ሁሉ መሳሪያ ለምን ካልሽ፣ ስራው እሱ ስለሆነ ነው። ክላሪኔት ላይ ጀማሪ ልጅ የሚያለቅስበትን ቦታ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ታችኛውን ሬጂስተር (የድምጽ ክልል) ለምዶ ወደ ላይኛው ሲሻገር፣ ፍሉትና ሳክስፎን ያለው ጓደኛው ያንኑ የጣት አያያዝ ይዞ ኦክታቭ ሲዘል የሱ ግን በአስራ ሁለተኛው ነው የሚዘለው፣ ጣቱ ሁሉ አዲስ ይሆንበታል። ይሄን ታውቂያለሽ። ሆርን የያዘው ልጅ ለምን ኖታ እንደሚስት ግን ታውቂያለሽ? ትሮምቦን ያለው ልጅ ስላይዱን ስንተኛው ፖዚሽን ላይ አሳጥሮ እንዳቆመ ከሩቅ አይተሽ ትለያለሽ? ዳይሬክተራችሁ 60 ልጅ እየነፋ "ሶስተኛ ክላሪኔት፣ ኤፍ ሻርፕ!" ሲል አስማት አይደለም፣ ፊቱ ያለው ስኮር (የሁሉም ኖታ ያለበት ወረቀት) ላይ እያንዳንዱ መሳሪያ በተለያየ ቁልፍ ነው የተጻፈው፣ አንቺ ሲ ብለሽ የምትነፊው ፒያኖ ላይ ቢ ፍላት ነው፣ ሆርኑ ደግሞ ሌላ፣ እሱ ይሄን ሁሉ በአንድ ጊዜ እያነበበ ይሰማል። የሚማሩት ይሄን ነው፣ እና ትምህርት ነው፣ ከባድ ትምህርት። ነርሲንግ ከባድ ነው የሚሉትን ይሄንንም አሳያቸው።

መጨረሻ ላይ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ስቱደንት ቲቺንግ አለ፣ ያለ ደሞዝ ነው አብዛኛውን ጊዜ፣ የዛን ሴሚስተር የቤት ኪራይ ከአሁኑ ይታሰብበት። ከዛ ፈተና፣ ፕራክሲስ የሚባለው የሙዚቃ ፈተና ብዙ ስቴት ላይ ይጠየቃል፣ ቴክሳስ የራሱ አለው፣ ከዛ ላይሰንስ። ቨርጂኒያ ላይ ላይሰንሱ ከትንንሾቹ እስከ 12ኛ ክፍል ነው፣ ስለዚህ ሃይስኩል ክፍት ቦታ ባይኖር ሚድል ስኩል ትገቢያለሽ ማለት ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ብዙዎቹ የሚጀምሩትም እዛ ወይ ትልቅ ሃይስኩል ውስጥ አሲስታንት ሆነው ነው፣ ይሄ ደግሞ መውረድ አይደለም፣ ጥሩ ሃይስኩል ባንድ ሁሉ ከስሩ ጥሩ የሚድል ስኩል መምህር አለው።

እዚህ ጋ አንድ የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ትሮምፔት የሚጫወት አንድ የሀበሻ ልጅ መጥቶ ያንቺኑ ጥያቄ ሲጠይቀኝ "መጀመሪያ ፐርፎርማንስ (መጫወቱን ብቻ) ተማር፣ ማስተማሩን በኋላ ትጨምረዋለህ" ብዬ መከርኩት፣ ቀላል መስሎኝ ነበር። ልጁ በጣም ጎበዝ ሆኖ ተመረቀ፣ ስራ ሲያመለክት ግን ላይሰንስ የለህም ተባለ፣ ተመልሶ ሁለት ዓመት ጨምሮ ማስተርስ ከላይሰንስ ጋር ሰራ፣ ከነ ብድሩ። ዛሬ እያስተማረ ነው ግን ያ ሁለት ዓመትና ያ ብድር በኔ ምክር የመጣ ነው፣ ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ማስተማር እንደምትፈልጊ ካወቅሽ ከመጀመሪያው ሚውዚክ ኤጁኬሽን ብለሽ ግቢ፣ ከገባሽ በኋላ ወደ ፐርፎርማንስ መቀየር ይቻላል፣ ተቃራኒው ነው የሚያስከፍለው።

አሁን ስለ ኑሮው። አንቺ የምታይው ሰውየው ፖዲየም ላይ ሲቆም ነው። ዓመቱ የሚጀምረው ግን ሌላው መምህር እረፍት ላይ እያለ በነሐሴ ሙቀት በባንድ ካምፕ ነው፣ ከዛ ዓርብ ማታ ፉትቦል፣ ቅዳሜ ውድድር፣ ህዳር ሲገባ ማርቺንጉ (ሜዳ ላይ እየተራመዱ መጫወቱ) ያበቃና ኮንሰርት ባንድ፣ የገና ኮንሰርት፣ የኦል ዲስትሪክት (የአካባቢው ምርጥ ተማሪዎች ባንድ) ኦዲሽን፣ መጋቢት አካባቢ ዳኞች ፊት የሚቀርቡበት አሰስመንት፣ አይተውት የማያውቁት ኖታ ተሰጥቷቸው በደቂቃዎች ዝግጅት የሚጫወቱበት ሳይት ሪዲንግ ሳይቀር፣ ከዛ ምረቃ። በመሃል አውቶብስ ማዘዝ፣ ዩኒፎርም መለካት፣ የተሰበረ ቱባ ማስጠገን፣ ባንዱን ከሚደግፉት (ቡስተር) ወላጆች ጋር ስብሰባ፣ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ የአንድ ልጅ እናት ደውላ ማልቀስ። ስራው ግማሹ ሙዚቃ ነው ግማሹ ይሄ ነው። ቤተሰብ ያላቸው ቅዳሜያቸውን ያጣሉ፣ በዚህ ምክንያት ስራውን ጥለው የሚወጡ አሉ፣ ጆሯቸው የሚጎዳም አለ፣ የጆሮ መከላከያ ከዛሬ ጀምሮ ልመጂ፣ ድራምላይን (የከበሮዎቹ ቡድን) አጠገብ ቆመሽ ያለ እሱ አታሳልፊ።

ደሞዙ የመምህር ደሞዝ ነው፣ ባለሽ ዲግሪና በቆየሽበት ዓመት ነው የሚጨምረው፣ ማርቺንግ ባንዱን ለመምራት ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ አለ፣ በሰዓት ሲካፈል ግን ትንሽ ነው፣ ለገንዘብ ብለሽ አትግቢበት። ካውንቲ ከካውንቲ ይለያያል፣ ሁሉም ስኬላቸውን በይፋ ስለሚያወጡ የራስሽን ካውንቲ ገጽ ከፍተሽ ለአባትሽ አሳያቸው፣ ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ላይ የጀማሪ መምህር ዝቅተኛ ደሞዝ ከሐምሌ 2026 ጀምሮ 60,000 ዶላር እንዲሆን በህግ ተደንግጓል። የፌዴራል ብድር ከወሰድሽ ደግሞ በመንግስት ትምህርት ቤት እየሰራሽ 120 ወርሃዊ ክፍያ በደንቡ ከከፈልሽ ቀሪው የሚሰረዝበት ፕሮግራም አለ። ነርስ የምታገኘውን ያህል ሊሆን አይችልም ብዙ ቦታ፣ እሱን አልደብቅሽም፣ ግን የሚያኖር ስራ ነው።

ሴት መሆንሽንም ጠይቀሽኛል። አዎ፣ ሃይስኩል ላይ አሁንም ወንዶች ይበዛሉ፣ ሚድል ስኩል ላይ ሴቶች ብዙ አሉ። የሴት ባንድ ዳይሬክተሮች ማህበር ግን ከ1969 ጀምሮ አለ፣ ካቋቋሙት አንዷ ግላዲስ ስቶን ራይት የምትባል የሃይስኩል ባንድ ዳይሬክተር ነበረች፣ በ1984 ደግሞ አንጋፋው የአሜሪካ ባንድማስተርስ ማህበር ውስጥ በአባልነት የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ከ1984 በፊት አንድም አልነበረም ማለት ነው፣ አስቢው፣ ሩቅ ጊዜ አይደለም። ስለዚህ መንገዱ ተከፍቷል ግን አንዳንድ ቦታ ገብተሽ "የፍላግ (ባንዲራ የሚያወዛውዙት ልጆች) አሰልጣኟ ናት?" የሚልሽ ወላጅ ይኖራል፣ ስራሽን አሳይው በቃ።

ከዛ በኋላም በር አይዘጋም። አንዳንዶቹ የካውንቲው የሙዚቃ ሱፐርቫይዘር ይሆናሉ፣ አንዳንዶቹ ማስተርስና ዶክትሬት ሰርተው ዩኒቨርሲቲ ባንድ ይመራሉ፣ ዳኛ የሚሆኑ፣ የማርቺንግ ድሪል (ልጆቹ ሜዳ ላይ የሚንቀሳቀሱበትን ንድፍ) የሚጽፉ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር የሚሆኑ አሉ። እያስተማሩ ሰላሳ ዓመት የሚቆዩም አሉ፣ እኔ በጣም የማከብረው እነሱን ነው።

ታዲያ አሁን ምን ታደርጊ? በመጀመሪያ ዳይሬክተራችሁን ራሱን ጠይቂው፣ የት እንደተማረ፣ የመጀመሪያ ስራው የት እንደነበር፣ ምን እንደሚቆጨው፣ ደስ ብሎት ነው የሚነግርሽ፣ እንደዚህ የሚጠይቃቸው ተማሪ ብዙ አያገኙም። ከዛ ሚድል ስኩላችሁ ሄደሽ ጀማሪ ክላሪኔቶችን በሳምንት አንድ ቀን እንድትረጂ አስፈቅጂ። ይሄ ካልኩሽ ሁሉ ዋናው ነው። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ክላሪኔቱ ለሃያኛ ጊዜ ሲጮህበት፣ ሪዱን (አፉ ላይ ያለውን ቀጭን ሸንበቆ) አስተካክለሽለት አንድ ንጹህ ኖታ ሲያወጣና ዓይኑ ሲበራ ደስ ካለሽ ይሄ ስራ ያንቺ ነው፣ አንቺ ራስሽ ስትጫወቺ ብቻ ደስ የሚልሽ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ እንፈልጋለን፣ ሚሊተሪ ባንድም አለ፣ ዲሲ ያለው የማሪን ባንድ ከ1798 ጀምሮ ያለ ነው፣ ውድድሩ ግን ሌላ ዓለም ነው።

ትምህርት ቤት ፍለጋው ላይ ስቴትሽ ውስጥ ብቻ ጄምስ ማዲሰን፣ ጆርጅ ሜሰን፣ ቪሲዩ (ቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ)፣ ሸናንዶዋ (ይሄኛው የግል ነው) አሉልሽ፣ ቨርጂኒያ ስቴትና ኖርፎክ ስቴትን የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ባንድ ባህል የምትወጂ ከሆነ ሄደሽ እያቸው። የስቴት ትምህርት ቤት ምረጪ እላለሁ፣ ለመምህር ደሞዝ የግል ትምህርት ቤት ብድር መሸከም አያዋጣም፣ ስኮላርሺፕ ካልሸፈነው በስተቀር። ኦዲሽኑ 12ኛ ክፍል ላይ ጥርና የካቲት አካባቢ ነው፣ ማመልከቻው ግን መኸር ላይ ስለሆነ ኦዲሽን ላይ የምትጫወቺውን ክረምቱን ይዘሽ ተለማመጂ፣ ፒያኖም ጀምሪ፣ ኪቦርድ ከሌለሽ ቤተክርስቲያን ወይ ትምህርት ቤት አይጠፋም።

አባትሽን ደግሞ ለሚቀጥለው ኮንሰርት ይዘሻቸው ሂጂ፣ ሲያልቅም ከዳይሬክተሩ ጋር አስተዋውቂያቸው፣ አስር ደቂቃ ያውሩ። ከዛ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።