ሄደሩ ሴራሚክ ነው፣ መኪናው ግን አልነሳ አለ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነው። ሞተሩ ያው ፎር ኬ፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚኑንና አየሩን የሚቀላቅለው)። በቅርቡ የፋብሪካውን ጭስ ማውጫ ማኒፎልድ አስወልቄ ሄደር፣ ማለትም ከሞተሩ ጭሱን በየቧንቧው የሚያወጣውን፣ አስገጠምኩ። ሙቀት እንዳያስቸግረኝ ብዬ ጨመር አድርጌ ሴራሚክ የተቀባውን ጥቁሩን ገዛሁ። ድምፁ አሪፍ ነው፣ ጉልበቱም ተሻሽሏል። ግን አቁሜ ቡና ጠጥቼ ስመለስ አልነሳ ይለኛል። ኮፈኑ እጅ አያስነካም። መካኒኬ «ኮፈኑን ከኋላ በኩል በሮንዴላ ከፍ እናድርገውና አየር ያግኝ» ይላል። ላስደርገው? የዲኤክስ ወዳጅ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሮንዴላው ይቆይ፣ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ሴራሚኩ ምን እንደሚሠራ እንነጋገር፣ ምክንያቱም ሻጮቹ ሙቀት የሚያጠፋ አስመስለው ነው የሚሸጡት። ሙቀት አይጠፋም። ቅቡ የሚያደርገው ሙቀቱን ጭሱ ውስጥ አቆይቶ በማርሚታው በኩል ወደ ኋላ መሸኘት ነው። መኪናው እየሄደ ሳለ ይሄ በደንብ ይሠራል። ስታጠፋው ግን የሚሸኝ ጭስ የለም፣ ቬንትሌተሩ ቆሟል፣ ውሃውም አይዞርም፣ ስለዚህ ቧንቧው ያጠራቀመውን ሁሉ እዚያው ኮፈኑ ሥር ያራግፈዋል። ካርቡሬተሩ ከጉዞው ይልቅ በጣም የሚግለው አንተ ቡናህን በምትጠጣበት ሰዓት ነው።

ፎር ኬ ላይ ደግሞ ይብሳል። የዚህ ሞተር አየር ማስገቢያና ጭስ ማውጫ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ በአንድ ጎን ናቸው፣ ካርቡሬተሩም ከሄደሩ በላይ ነው የተቀመጠው። ቤንዚን ደግሞ ውሃ አይደለም፣ ቀላል ቀላሉ ክፍል 40 ዲግሪ አካባቢ ላይ መፍላት ይጀምራል። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይፈላና ወደ ሞተሩ እየፈሰሰ ያንቀዋል፣ ወይም መስመሩ እንፋሎት ይሞላና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል። ይሄን ለማረጋገጥ ሳንቲም አታወጣም። ነገ ስታቆም ወዲያው ኮፈኑን ክፈትና ቡናህን ጠጥተህ ተመለስ። ያለችግር ከተነሳ በሽታው ይኸው ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። የድሮው ማኒፎልድ ሲወልቅ ከካርቡሬተሩ ሥር ሆና ሙቀቱን ትከልል የነበረችው ላሜራ የት ገባች? ሄደር ሲገጠም እሷ አትገጥምም ተብላ ጋራዥ ጥግ የምትቀር ነገር ናት፣ ማንም አይጠይቃትም። በእኔ ግምት የችግርህ ግማሹ እዚያ ጥግ ነው ያለው። ካገኘሃት አስቆርጠህ አስገጥማት፣ ካጣሃት ከአልሙኒየም ላሜራ አዲስ አሠራ። ሄደሩን እንዳትነካ፣ ካርቡሬተሩንም እንዳትነካ፤ ከሁለቱም ቢያንስ የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑራት፣ ሥራውን አብሮ የሚሠራው መሀል ያለው አየር ነው። ካርቡሬተሩ የሚቀመጥባት ወፍራሟ ሙቀት መከላከያም መኖሯን እይ፣ አንዳንዱ ቀጭን የወረቀት ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ገጥሞ ይሸኝሃል። የቤንዚኑን ጎማ ደግሞ ከሄደሩ አርቀህ አዙረው። ይሄ ለእሳትም ጉዳይ ነው፣ አትዘግየው።

ጥቁሩን መምረጥህም ትንሽ ጎድቶሃል። ደብዛዛ ጥቁር ቅብ እንደ ብር ከሚያብረቀርቀው ይበልጥ ሙቀት በጨረር ይለቃል። ለዚህ ብለህ ግን ሌላ ሄደር አትግዛ፣ ላሜራዋ ትበቃሃለች።

ወደ ሮንዴላው እንምጣ። መካኒክህ ለቆመ መኪና አልተሳሳተም፣ ትኩስ አየር ወደ ላይ ይወጣል። ፈጣኑ መንገድ ላይ ስትወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከፊት መስታወቱ ሥር የአየር ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ በዚያ ክፍተት አየር ይገባል እንጂ አይወጣም፣ ከራዲያተሩ ጀርባ መውጣት ያለበትን ትኩስ አየርም መልሶ ያፍነዋል። የመኪናው ውስጥ አየር መሳቢያም እዚያው አጠገብ ስለሆነ፣ ስታዘግም ወይም ስትቆም የቤንዚንና የዘይት ሽታ ቤተሰብህ ላይ ይመጣል። እኔ አላስደርገውም።

አንድ የቀረ ነገር፦ ማታ ጨለማ ቦታ አቁመህ ሞተሩ እየሠራ ሄደሩን እየው። ቀልቶ ካየኸው ቅቡን ትተህ ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ሰዓት፣ አስፈትሽ። ወደ ኋላ የዘገየ ታይሚንግ ነዳጁ ገና እየነደደ ወደ ሄደሩ እንዲወጣ ያደርገዋል፣ ያንን ምንም ሴራሚክ አይችለውም። ካርቡሬተሩ አዲስ አበባ ተስተካክሎ ከሆነም ንገራቸው። እዚያ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፤ በዚያ ልክ የተቀነሰ ቤንዚን አዳማ ሲወርድ፣ ወደ አዋሽ ሲሆን ደግሞ ይበልጡን፣ ያንሳል።

ጥያቄ፦ ዳላስ ነው ያለሁት። አሮጌ ፒካፕ ላይ ሴራሚክ የተቀባ ሄደር አለኝ፣ በላዩ ላይ ያንን እንደ ፋሻ የሚጠቀለለውን ልጨምርበት?

መልስ፦ ተወው። ሁለቱን ስትደራርብ ቧንቧው ከቅቡ አቅም በላይ ሊግል ይችላል፣ ተራ ብረት ከሆነ ደግሞ ፋሻው እርጥበት ይዞ ዝገት ይጋብዛል። ብዙ ቀቢዎችም ከተጠቀለለ ዋስትናውን ይሰርዛሉ። ገንዘቡን ሄደሩ አጠገብ ላሉት ነገሮች አውጣው፦ ለካንዴላ ገመዶቹ ሙቀት የሚችል ሽፋን፣ ሞተሩን ለሚያስነሳው ሞተሪኖ ደግሞ ሙቀት መከላከያ ልብስ። ሲሞቅ ቁልፉን ስታዞር «ጧ» ብሎ ዝም የሚል ከሆነ፣ የጋለ መዳብ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍምና ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ሞተሪኖውን ሸፍነህ ሞክረው። የሄደሩን ቡሎኖችም ጥቂት ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ቀዝቃዛ እያለ፣ እንደገና አጥብቃቸው። ጓርኒሲዮኑ ከተነፈሰ ገመዶቹን የሚያቃጥላቸው እሱ ነው።